መቶ ስድሳ በመቶ አምስት

«ኮምፒውተሩ አይዋሽም፣ ሲስተር!» የዶክተር መሓሪ ድምፅ በግማሽ ከተከፈተው የኃላፊው ቢሮ በር ወጥቶ ካርድ ክፍሉ ፊት እስከተሰለፉት ሰዎች ድረስ ዘለቀ። ወረፋተኞቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ልጇን አዝላ የቆመች ሴት ወሬዋን ከመሀል አቋረጠች፤ አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ሀጂራ ሲራጅ ገና ከውጭ መግባቷ ነበር፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የሲስተር ለተክርስቶስ መልስ አልተሰማም። ትንሽ ቆይቶ ራሳቸው ወጡ። ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው፣ በአራት አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አድርገውታል፤ የእርግዝና ክትትል ክፍሉን ቁልፍ ቢሮው ውስጥ ትተው ነው የወጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ያለ ጋውን ሲታዩ አጠር ያሉ መሰሉ። ሀጂራ ዘንድ ሲደርሱ ቀና ብለው አላዩዋትም፤ እንደ በሽተኛ ግድግዳውን እየነኩ አልፈዋት ወጡ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ መንገድ ለቀቀላቸውና ከሄዱ በኋላ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ «ሰውን የሚገመግም ሰው ጠፍቶ ዕቃ ይገመግመን ጀመር» አለ። የሳቀ አልነበረም።

የሀጂራ ሥራ ለሰው ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሐኪም አይደለችም፤ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሶፍትዌር ልትጭን ተቀጥራ ሳለች፣ አንዲት ነርስ ከወረፋው መሀል ማን ቀድሞ መግባት እንዳለበት የሰዎቹን አቀማመጥ ብቻ አይታ ስትለይ ተመለከተች። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ማን ቀድሞ እንደመጣ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ያዛት፤ ሐኪም ሲወስን ዓይኑ የት ነው? ስክሪኑ ምን ያሳየዋል፣ ምንስ ይጋርደዋል? በዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ዲግሪዋን፣ ቀጥሎም ዶክትሬቷን ሠራች። የቀን ሥራዋ ከነርሶች ጀርባ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው፤ ስክሪኑ ስንቴ ተነካ፣ ስንት ሰከንድ ፈጀ፣ ነርሷ ስንቴ ተጠራች፣ ስንቴ ተመልሳ ከመጀመሪያ ጀመረች። ስሟ የተነሳው ግን በአንድ ትንሽ ሐሳብ ነው። ነርሶቹ ለክትትል ለሚመላለሱ እርጉዞች ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የደም ግፊቱን በየጊዜው እንደ አዲስ ሲጽፉ አይታ፣ ታብሌቱ ላይ ያሉት ሳጥኖች ባለፈው ቀጠሮ ቁጥር ተሞልተው እንዲጠብቁና የተለወጠው ብቻ እንዲታረም ሐሳብ አቀረበች። ከእያንዳንዱ ታካሚ አርባ አንድ ሰከንድ ተረፈ። ጽሑፏ ታተመላት፤ ናይሮቢ ሄዳ ስታቀርበው ተጨበጨበላት። አሁን ይኸው አሠራር ወደ አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ሊሰፋ፣ ውሉ የፊታችን ዓርብ ይፈረማል።

ዶክተር መሓሪ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል። ከጠዋት ጀምሮ ከክፍለ ከተማ ሦስት ጊዜ ደውለውለታል።

«ሐሙስ ዕለት ለክትትል የመጣች እርጉዝ ናት» አላት ሀጂራን። «ሚስጥር ትባላለች። የሰባት ወር ተኩል። ምንም የለብሽም ተብላ ከዚህ ሄደች፤ ማታውኑ አንቀጥቅጧት ራሷን ሳተች። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። ግፊቷ ጣራ ነክቶ ነበር። እዚህ መዝገባችን ላይ ግን ሲስተር ያጸደቁት መቶ አሥር በሰባ ነው፤ የጤነኛ ሰው ግፊት።»

«እሳቸው ምን ይላሉ?»

«አላስታውስም። ለክቼ ይሁን ሳልለካ አላስታውስም ነው የሚሉት። ይኼ ምን መልስ ነው?» ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሊያነሳው እጁን እየዘረጋ «የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል። አንቺስ ሐሙስ እዚህ አልነበርሽም እንዴ?» አላት።

«ነበርኩ» አለች። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ነበር።

የየሳምንቱን ማስታወሻ ደብተር ቤት ወስዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ደንቡ ነው። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በእግሯ ወረደች። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ሰው ግን ገና አልለመደውም፤ ድሮ ሱቆቹ የነበሩበት ቦታ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ ያይና ሣር ያያል። ከሰፈራቸው ሰው አብዛኛው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። የነሱ ቤት የተረፈው ከመስመሩ ሦስት ሜትር ገባ ብሎ በመገኘቱ ነው። ጎረቤት ከነበሩት ከሀያ ምናምን ቤቶች አምስት ቀርተዋል፤ አምስቱም ውሃ በሚመጣበት ቀን አብረው ይነቃሉ፤ መብራት ሲጠፋ በራቸው ላይ ቆመው «እናንተም ጋ ጠፋ?» ይባባላሉ። አባቷ አቶ ሲራጅ በረንዳዋ ላይ ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ አርባ ዓመት ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረዋል። ዛሬም የሰፈር ሰው የልጁን ጉሮሮ ይዞ ይመጣባቸዋል። ሀጂራ ዶክትሬቷን ያገኘች ዕለት ሰው ሁሉ ደስታውን ሲገልጽ፣ እሳቸው ግን ሁለቱ ለብቻቸው ሲቀሩ «እና አሁን የምታክሚው ሰው አለ?» ብለው ጠየቋት። ለማወቅ ብለው ነው የጠየቁት። እሷ ግን ተከፋች። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ ዘመድ ያወራሉ፣ ስለ ሥራዋ አያወሩም። አራት ዓመት ሆናቸው።

ሰላም ብላቸው ወደ ውስጥ ገባች። የሐሙስን ገጽ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። የራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ደቃቅና የተስተካከለ፣ ከደቂቃ ደቂቃ ተደርድሯል። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፤ ግፊት ለካች፣ ጮክ ብላ «መቶ ስድሳ በመቶ አምስት» አለች፣ ጻፈችው። አራት ከአሥራ ሦስት፤ ከድንገተኛ ክፍል ተጠራች፣ ሳታስቀምጠው ተነሳች። አራት ከአሥራ አምስት፤ ስክሪኑ በራሱ ተዘጋ። አራት ከሠላሳ ስድስት፤ ተመለሰች፣ ከፈተችው፣ ሳጥኖቹ ሞልተዋል፣ «አጽድቅ» የሚለውን ነካች። ዘጠኝ ሰከንድ። ሀጂራ ገጹን ሁለቴ አነበበችው። ታብሌቱ ለሁለት ደቂቃ ካልተነካ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠውን ይጥላል፤ ሲከፈት የባለፈውን ቀጠሮ ቁጥር መልሶ ይሞላል። ሲስተር ከድንገተኛ ሲመለሱ ቁጥሩ ከአእምሯቸው ወጥቶ ነበር፤ የሞሉ ሳጥኖች አዩ፤ እኔ የሞላኋቸው ናቸው ብለው አጸደቁ። ከሁሉ በላይ ግን ሀጂራን ቀጥ ያደረጋት ኅዳጉ ላይ ያለው ምልክት ነው። ደስ ላሰኛት ነገር ትንሽ ኮከብ የመሳል ልማድ አላት። ኮከቡ ያለው «ዘጠኝ ሰከንድ» አጠገብ ነበር። ፍጥነቱ ደስ ብሏት ነው።

ደብተሩን እንደያዘች ወደ በረንዳው ወጣች። የምትጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ አንዲት እርጉዝ ግፊቷ መቶ ስድሳ በመቶ አምስት ከሆነ ምን ማለት ነው?»

አቶ ሲራጅ ሬዲዮውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከወንበር ሲነሱ ሁለት ጊዜ ሞክረው ነው፤ አሁን በአንዴ ተነሱ። እግራቸው ጫማቸውን ይፈልጋል።

«የት ናት?»

ሀጂራ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አቀረበችላቸው።

«ሀጂራ፣ ልጅቷ የት ናት?»

«ሆስፒታል ናት። ተርፋለች። ሐሙስ ነው የሆነው።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ጫማው አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ገብቶ ቀረ። ሀጂራ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁጥሩን በጆሮዋ እንደሰማች፣ እንደጻፈች፣ ቁጥር ሆኖባት እንዳለፈችው። ይቆጡኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ከአጥሩ ማዶ ወዳለው የፈረሰ ግቢ ዞሩ።

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ፔኒሲሊን ልወጋት ስል ‘ይኼ መርፌ ባለፈው አልተስማማኝም’ አለችኝ። ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። ሰምቻታለሁ፤ ግን እጄ ቀድሞኝ ሄደ። እጄ ላይ ትንፋሿ ሊቆም ሲል ነው ያተረፍናት። ከመድኃኒቱ ነው፣ ያጋጥማል አልኳቸው። ነግራኝ ነበር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰፈር ውስጥ ባየችኝ ቁጥር ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። አተረፈኝ ብላ። ሠላሳ ዓመት ሰላም አለችኝ፣ ወላሂ።» ሬዲዮውን አነሱና ድምፁን ሳይከፍቱ ጭናቸው ላይ መለሱት። «ምሳ አለ። ብዪና ሂጂ» አሏት። አልበላችም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራ ያላወሩት ይበቃል የተባባሉ ያህል፣ ስትወጣ እስከ በሩ ሸኟት።

ስድስት ኪሎ ፕሮፌሰር ክፍሎምን ቢሯቸው አገኘቻቸው። የምርምሩ አማካሪና ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ፍለጋ ያላንኳኩት በር የለም። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ ተማሪ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ያለው የወረቀት ክምር ወደ መስኮቱ ይዛወራል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ክምሩን ራሷ አዛውራ ተቀመጠችና ገጹን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ነርሶቹ አጠገባቸው እንድትቀመጪ የፈቀዱልሽ ማስታወሻሽ አለቃቸው ዘንድ እንደማይደርስ ስለፈረምንላቸው ነው» አሉ። «ዛሬ ለበጎ ብለሽ ብታወጪው ነገ የትኛዋ ነርስ ታምነናለች?»

«ራሳቸው ሲስተር ቢፈቅዱስ?»

«ማስታወሻው ስለ እሳቸው ነው። እሳቸው ከፈቀዱ ይቻላል። የታካሚዋን ስም አትጠሪም።» ደብተሩን መለሱላት። «ግን ሀጂራ፣ ይህን ገጽ ባነበብሽ በደቂቃው ውስጥ ‘ሳጥኑን ማን ሞላው?’ ይሉሻል። የሞላነው እኛ ነን። ውሉ ዓርብ ነው። ኮሚቴው እስከ ሰኞ ቀጠሮ ቢለውጥ…»

«ሲስተር ጋውናቸውን አጣጥፈው ወጥተዋል፣ ፕሮፌሰር።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሁለት ጣት ጫኑ። ሀያ ስድስት ሰው በዚህ ገንዘብ ይተዳደራል፤ ሀጂራም ታውቃለች፤ ለዚህ ይሆናል አልቸኮለችባቸውም። ከኮሪደሩ የፎቶኮፒ ማሽን ድምፅ ይሰማል። «ሂጂ» አሏት በመጨረሻ። «ሳጥኑን የሞላነው እኛ መሆናችንን ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት እኔ እጽፋለሁ። በሁለታችን ስም።»

ሲስተር ለተክርስቶስ አምስት ኪሎ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ይኖራሉ። አልጋው፣ ቡፌው፣ የጋብቻ ፎቶግራፉና ማቀዝቀዣው በአንድ ክፍል ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሰው ሲገባ የሆነ ነገር መገፋት አለበት። ባለቤታቸው አቶ ሐዱሽ በሩን ከፈቱላት። ሚስታቸው ዛሬ በሥራ ሰዓት ለምን ቤት እንደተገኙ አልጠየቁም ይመስላል፤ ወይም ጠይቀው መልስ አላገኙም። ሁለቱ በየጥጋቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሲስተር ሀጂራን ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። እሷም ለወጉ ያህል እንኳ ደኅንነታቸውን ሳትጠይቅ ደብተሩን ከፍታ፣ ከአራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ጀምራ አነበበችላቸው።

«ለክቻታለሁ?» አሉ።

«ለክተዋታል። ጮክ ብለው ቁጥሩን ተናግረዋል። ጽፈውታልም። ታብሌቱ ነው የጣለው።»

ሲስተር እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያን ቀን ሦስት እርጉዝ ለክቻለሁ። የሁለቱን አስታውሳለሁ፤ የሷ ጠፋብኝ። በቃ ሳልለካት ነው የላክኋት አልኩ። አምስት ቀን ሙሉ፣ እህል አልቀመስኩም፣ ሳልለካት ነው እያልኩ…» አቶ ሐዱሽ ከጥጋቸው ተነስተው መጡና ከሚስታቸው ጀርባ ቆሙ። ምን እንደሆነ አሁንም አልገባቸውም፤ ግን ቆሙ። ሲስተር አለቀሱ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ደብተሩን ከሀጂራ እጅ ወሰዱት።

«አንቺ ሰምተሽኝ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጻፍሽው፣ ዝም አልሽ።»

«ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ማወቅ ነበረብኝ፣ ሲስተር።»

«እኔ ድሮ ቁራጭ ወረቀት ነበረችኝ። የእያንዳንዷን ግፊት ጽፌ ኪሴ ውስጥ እከታታት ነበር። ‘ድርብ ሥራ ነው፣ ይቅር’ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ማን ነው ያስቀረው?»

«እኔ ነኝ። በሪፖርቴ የጻፍኩት ነው።»

ሲስተር ገጹን ቀስ ብለው ተመለከቱት። ጣታቸው ኅዳጉ ላይ ቆመ። «ይቺ ኮከብ ምንድን ናት?»

ሀጂራ ልትዋሽ ትችል ነበር። ነገረቻቸው። ከውጭ አንድ ሰው ቆርቆሮ በር ሲደበድብ ይሰማል። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው መለሱላት። «ፈቅጃለሁ፤ አንብቢላቸው» አሉ። «ግን ሁሉንም አንብቢ። ኮከቧንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር መሓሪ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰው ተቀመጠ። ሲስተር በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ናቸው። ሀጂራ ቆማ አነበበች፤ ኮከቧን ጭምር። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ቃለ ጉባኤውን መያዝ አቁማ ቀና አለች። ከአባላቱ አንዱ፣ ፋርማሲ የሚሠራ ገብረትንሣኤ የሚባል ሰው፣ «ያልተቀመጠውን ይጥላል ማለት ምን ማለት ነው? እኔ አልገባኝም» አለ። ሀጂራ ታብሌት አስመጣች። ለልምምድ የተከፈተ፣ የማንም ያልሆነ፣ ባለፈው ቀጠሮው መቶ አሥር በሰባ የተሞላበት መዝገብ አውጥታ፣ ግፊት ላይ መቶ ስድሳ በመቶ አምስት ጻፈች፤ ለሁሉም አሳየቻቸውና ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። «ሁለት ደቂቃ እንጠብቅ» አለች። ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ለሚቀመጡ ሰዎች ረጅም ነው። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ሌላው ብዕሩን ከፈተ ዘጋ። ሲስተር ጣራውን ያያሉ። ስክሪኑ ጠፋ። ሀጂራ እንድትከፍተው አልጠበቃትም፤ ዶክተር መሓሪ ራሱ እጁን ዘርግቶ ከፈተው። ሳጥኖቹ ሞልተዋል። መቶ አሥር በሰባ ይላል። ጭንቅላቱን ነቅንቆ እንደገና ጻፈበት፤ እንደገና ሁለት ደቂቃ ጠበቁ፤ እንደገና መቶ አሥር በሰባ።

«ታዲያ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው?» አለች የሰው ሀብቷ፣ በክፋት ሳይሆን በትክክል ለመጻፍ ፈልጋ።

«ከጥፋተኞቹ አንዷ ነኝ። ሳጥኖቹ እንዲሞሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አልፈተንኩም። ቁጥሩንም ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ሴትዮዋ ቅጹን ገልበጥ አድርጋ አየችው። የሠራተኛ ስም የሚጻፍበት እንጂ የተመራማሪ ስም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። በመጨረሻ ኅዳጉ ላይ ጻፈችው። ውሳኔው ብዙ አልቆየም። ሲስተር ለተክርስቶስ ከነገ ጀምሮ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ሳጥኖቹ ዛሬውኑ ባዶ ይደረጋሉ፤ ቁራጭ ወረቀት ተፈቅዷል። ምርምሩ ክፍለ ከተማው አጣርቶ እስኪወስን ይቆማል፤ ሀጂራም እስከዚያ ግቢው ውስጥ አትገባም። ስለ ዓርቡ ውል የተናገረ አልነበረም፤ ማንም መናገር አላስፈለገውም። የመግቢያ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዘጠኝ ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ከሰዓት እንዲህ ሲቀል ምሳ አለመብላቷ ትዝ አላት።

ዶክተር መሓሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲስተር፣ ጠዋት የተናገርኩዎት ነገር… ይቅርታ።»

«ጠዋት ሲናገሩኝ በሩ ክፍት ነበር» አሉ ሲስተር። «ይቅርታውም ክፍት ሆኖ ይሁንልኝ።»

ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ። ተነሳ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፣ ኮሪደሩ ላይ በቀሩት አራት ታካሚዎችና በዘበኛው ፊት «ሲስተር ለተክርስቶስ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ታካሚዎቹ ነገሩ ባይገባቸውም ከተቀመጡበት ተነሱ። ሲስተር ቁልፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወጡ።

ውጭ ሀጂራ ከጎናቸው ሄደች። ሲስተር መንገድ ዳር ካለች ሴት አንድ ኪሎ ብርቱካን በሁለት መቶ አርባ ብር ተከራክረው ገዙ። «እኔ ወደ ልጅቷ ነኝ» አሉ። «ለኛ ሁሉ ተነገረ፤ ለሷ ማን ነገራት? ብትፈልጊ ነይ፤ ካልፈለግሽ አልፈርድብሽም።» ሀጂራ አባቷን ሠላሳ ዓመት ሰላም ያለቻቸው ሴት ታሰበቻት። ተከተለቻቸው።

የጠያቂ ሰዓት ስለነበር ሆስፒታሉ በፌስታልና በፔርሙስ ተጨናንቋል። ሚስጥር ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ሀያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ አሁንም እንዳበጠ ነው። ልጇ ላይኛው ፎቅ የሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም፤ ዛሬ ጠዋት ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀምሯል ብለዋታል። ከአልጋው ራቅ ብለው በርጩማ ላይ የተቀመጡት የባሏ እናት፣ ወይዘሮ ንግስቲ ናቸው። ሾርባ ይዘው መጥተዋል፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ሁለቱ የሚያዩት ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። ሲስተር ብርቱካኑን አስቀምጠው ልጅቷን ግንባሯን ሳሙና «ይቺ ልጅ የምትነግርሽ ነገር አላት» አሉ።

ሀጂራ ነገረቻት። ለኮሚቴው እንዳነበበችው አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፤ ግፊቷ ከፍ ማለቱን ሲስተር እንዳወቁ፣ ዕቃው እንደጣለው፣ ዕቃውን እንዲያ ያደረገችው እሷ እንደሆነች፣ ቁጥሩን ሰምታም ዝም እንዳለች። የዚያን ቀን ብትያዝ ኖሮ ወደ ሆስፒታል ትላክ እንደነበር አልደበቀቻትም። ሚስጥር ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት።

«አስታውሼሻለሁ» አለች። «ከኋላ ተቀምጠሽ ትጽፊ ነበር። ዶክተር መስለሽኝ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ነው ያየኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

ሀጂራ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ» አለች፤ ቃሉ ለዚህ ሁሉ እንደማይበቃ እያወቀች።

ሚስጥር ከሀጂራ ወደ ሲስተር ዞር ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች። «እና ጀሪካኑ አይደለም?»

«የቱ ጀሪካን?»

«ረቡዕ ውሃ መጥቶ ሁለት ጀሪካን ወደ ፎቅ አውጥቼ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የመጣ ውሃ ነው፣ እንዳያልፈኝ ብዬ። በዚያ ነው ልጁን ያለ ቀኑ ያወጣሽው አሉኝ። ባለቤቴም…» አልጨረሰችውም።

«አይደለም የኔ ልጅ» አሉ ሲስተር፣ እስከ በርጩማው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይኼ በሽታ ውሃ በመሸከም አይመጣም። ተኝተሽ ብትውዪም ይይዝሽ ነበር። አንቺ በቀጠሮሽ ቀን መጣሽ፣ ክንድሽን ሰጠሽ። ከአንቺ የሚጠበቀውን ሁሉ አድርገሻል።»

ሚስጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። አጠገብ ያሉት አልጋዎች ወሬያቸውን ዝቅ አደረጉ። ወይዘሮ ንግስቲ ከጉያቸው ትንሿን ስልካቸውን አወጡ፣ ዓይናቸውን አጥብበው የልጃቸውን ቁጥር ፈለጉ፣ ጆሯቸው ላይ ለጠፏት። ጆሯቸው ስለሚከብድ የሚናገሩት ጮክ ብለው ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

«ሃሎ? አንተ፣ ሥራህን ትተህ ስማኝ። ጀሪካኑ አይደለም። … አይደለም ነው የምልህ፣ ነርሷ እዚሁ አለች። … አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ። እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው ያልኩህ።» በርጩማውን ጎትተው ወደ አልጋው ተጠጉ፤ ስልኩን ወደ ምራታቸው ዘረጉት። «ይኸው፣ ንገሪው» አሏት፤ በሌላው እጃቸው የሾርባውን ክዳን መክፈት ጀመሩ።